«ኔትወርክ የለም» መልስ አይደለም

አዳሚ ቱሉን የሚያውቃት ብዙ ነው፤ የሚወርድባት ግን ጥቂት። ከባቱ (ዝዋይ ማለት ለሚቀላችሁ፣ ዝዋይ) ትንሽ አለፍ ብላ የሐዋሳ አውቶቡስ ሽው ብሎ የሚያልፋት ከተማ ናት። ኢንተርኔት ጠፍቶ «ለምን?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ ያው እንደ ሌላው ቦታ ነው፦ «ኔትወርክ የለም»። እኔን የሚያበግነኝ መጥፋቱ ብቻ አይደለም። መልሱን ተቀብለን ቡናችንን መጠጣታችን ነው።

ሌላ አገር ይህን ጥያቄ ለኩባንያ ብቻ ያልተዉ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ዳይምስ የሚባል ሥራ ተጀመረ። ፈቃደኛው ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ ፕሮግራም ይጭን ነበር፤ ፕሮግራሙ መልእክት እየላከ በየትኞቹ ራውተሮች በኩል እንደሚያልፍ ይመዘግብ ነበር። የሁሉም ሲጠራቀም የኢንተርኔት ካርታ ይሆን ነበር። ልብ በሉ፣ ከእናንተ የሚፈለገው የኮምፒውተራችሁ ጉልበት ሳይሆን የቆማችሁበት ቦታ ነው። ከቴል አቪቭ የሚታየው መንገድ ከአዳሚ ቱሉ የሚታየው አይደለማ!

እኛም አገር ተሞክሯል። ኡኒ የሚባለው የፈቃደኞች ፕሮጀክት ከአምነስቲ ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ዋትስአፕና በርካታ የዜና ድረ ገጾች መታገዳቸውን በልኬት አሳየ። በሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾች ከፈትኩ ሲልም ኡኒ «እስቲ እንይ» ብሎ ለካ። ወሬ በወሬ አልተመለሰም ማለት ነው።

ጉዱ ያለው ከአገር ያነሰ ቦታ ሲጠፋ ነው። በሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ግራፉ ገደል ገባ፤ ዓለም ሁሉ አየው። በዚያው ዓመት ምዕራብ ኦሮሚያ ሦስት ወር ገደማ ሲጨልም ግን አዲስ አበባ እየሠራች ነበር። የአዲስ አበባ ትራፊክ የአንድን ዞን ዝምታ ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ የቦሌ ቴክ ልጆች ሆይ፣ ከካፌያችሁ የለካችሁት ቦሌን እንጂ ኢትዮጵያን አይደለም።

«ቢለካስ ምን ይጠቅማል? የሚዘጋው አይሰማ!» ትሉኛላችሁ። ልኬት የዘጊውን ልብ አያነብም፣ እሺ። ግን አንድ አፕሊኬሽን ብቻ ነው የጠፋው ወይስ ሁሉም? መልእክቱ የት ደርሶ ቆመ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? እነዚህን ይነግራችኋል። ጋዜጠኝነት ስንማር ሁለት ምንጭ አምጡ ይሉን ነበር፤ «ኔትወርክ የለም» አንድ ምንጭ ነው፣ እሱም ባለጉዳዩ ራሱ!

አደጋውን አልደብቅም። የኡኒን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ስታስኬዱ መስመሩን የሚከታተል ሰው ሊያውቅ ይችላል፤ ራሳቸው ኡኒዎችም ያስጠነቅቃሉ። የፈራ ይተወው፣ አልፈርድበትም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያለው ራይፕ አትላስ ደግሞ ራውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ነው። ተሰክቶ ይቀመጣል፤ ዝም ካለም ዝም ያለበት ሰዓት ይመዘገባል።

ሞጆ አንድ፣ መቂ አንድ፣ ሻሸመኔ አንድ ቢኖር... አዳሚ ቱሉ ውስጥ ራውተር ያለው ኢንተርኔት ቤት ወይም ፋርማሲ የምታውቁ አላችሁ?