«ምንም የለብሽም» የሚሉት መልስ

ሆዷን ሲቆርጣትና ሲነፋት ወራት ያለፋት ሴት ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም አንጀትን ከውስጥ በካሜራ የማየት ምርመራ፣ ታደርጋለች። ውጤቱ «ኖርማል» ነው። ሐኪሙም «ምንም የለብሽም፤ ጭንቀት ነው» ብሎ ያሰናብታታል። ብዙዎች ይህን እንደ የምሥራች ይነግሩናል፤ እኔ ግን ስንፍና ነው እላለሁ።

እስቲ እዚያው የምርመራ አልጋ ላይ የሚሆነውን እንይ። ሐኪሙ ከአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በትንሽ መቆንጠጫ ቁራሽ ሥጋ ለናሙና ሲነቅል፣ በሽተኛዋ ሙሉ በሙሉ ነቅታ ብትሆን እንኳ አያማትም። አንጀቱን ለመክፈት አየር ሲነፋ ግን ታቃስታለች። አንጀት የሚያመው ሲወጠር፣ ሲኮማተር ወይም ሲቆጣ ነው። እንደ ቆዳ ሲቆረጥ የሚያቃጥለው ነርቭ የሚገኘው መጨረሻ ላይ፣ ፊንጢጣ አጠገብ ብቻ ነው። ታዲያ ሽፋኑ ንጹሕ ስለሆነ ሕመም የለም ማለት ከየት የመጣ ስሌት ነው?

ነርቭ እንደሆነ ሞልቷል። ጀርመናዊው ማይስነር ከሽፋኑ ሥር ያለውን የነርቭ መረብ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። የነርቩ ጫፍ ምግቡን አይነካም፤ ከሽፋኑ ሕዋሳት ሥር ይቀራል። በሽፋኑ ውስጥ ተበትነው የሚገኙ ልዩ ሕዋሳት የሚያልፈውን ነገር ለይተው ሴሮቶኒን ይለቃሉ፤ መልእክቱን የሚቀበለው ነርቩ ነው። ይህን ንግግር ካሜራ አያነሣውም።

እ.ኤ.አ. በ1973 ሪቺ የተባለ ተመራማሪ በሰዎች አንጀት ውስጥ ፊኛ ነፋ። ብዙ ጤነኞች ሕመም ባልተሰማቸው መጠን፣ ሆዳቸው አለምክንያት ያስቸግራቸዋል ከተባሉት ሰዎች ብዙዎቹን አመማቸው። አንጀታቸው ሲታይ እንደማንም ሰው ነበር። ከባድ ተቅማጥ የያዛቸው አንዳንድ ሰዎችም ጀርሙ ከጠፋ በኋላ ነርቫቸው ለወራት፣ ለዓመታትም ቁጡ እንደሆነ ይቀራል። እኛ ዘንድ ግን ያው የአሜባ መድኃኒት ደግሞ ደጋግሞ ይታዘዝላቸዋል።

ጭንቀት ሕመሙን ያባብሳል፤ አልክድም። የሚያባብሰው ግን ያለውን ሕመም ነው።

ሐኪሞቻችን፣ በርጩማ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም የደም ማነስ ካለ ፍለጋችሁን አታቋርጡ። ይህ ሁሉ ከሌለ ደግሞ «ቁስልም ዕጢም አላየንም፤ ነርቭሽ ግን ተቆጥቷል፤ ለእሱም ሕክምና አለው» በሏት። ይህን ለማለት ሁለት ደቂቃ ይበቃል።