መርጫው በሠራተኛው ጀርባ፣ የምስክር ወረቀቱ በማን ስም?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አቅጣጫ በአውራ ጎዳናው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ መራዊ ይደርሳል። በመራዊ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለው ምድር ከአገራችን ዋና ዋና በቆሎ አብቃይ አካባቢዎች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። የቆጋ ግድብም ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ እንዲያለማ የተሠራ በመሆኑ የሜጫ ገበሬ በበጋም ከማሳው አይርቅም። ምርት ባለበት ደግሞ ተባይ አለ። በቆሎው ከማሳ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ መጋዘን ሲጓዝ ነቀዙ አብሮት ይጓዛል፤ እህሉን ተከትሎ አይጥ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ በሚያድርበት ቤትም ትኋንና ቁንጫ አይጠፋም። ስለሆነም ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም፣ መጋዘኑም፣ ፋብሪካውም በየጊዜው መርጨት ወይም በጋዝ ማጠን ግድ ይሆንበታል።

ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። መርጫውን በጀርባው የሚያዝለው፣ ክኒኑን በጆንያዎች መካከል የሚያስቀምጠው ሰው ማን ነው?

በምዕራብ ጎጃም ከጎበኘኋቸው መጋዘኖች በአንዱ ይህን ሥራ የሚሠራው የሌሊት ጥበቃው ነበር። ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ጋቢውን አጣፍቶ የሚቀመጥ፣ ሰው አክባሪ ሽማግሌ ነው። «ጋሼ፣ ይህን ሥራ ማን አስተማረዎት?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ማን ያስተምረኛል ወንድም ዓለም! ከእኔ በፊት የነበረው ጥበቃ ሲያደርግ አይቻለሁ» አለኝ። ጓንት ነበረው ወይ? አንድ ነበረ፣ ተቀደደ። መዝገብስ? ሣቀ። ኃላፊውን ሳነጋግረው የሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፦ «እሱ እኮ የራሳችን ሰው ነው።»

ይህች «የራሳችን ሰው» የምትል ቃል ልትመረመር ይገባታል። አንድ ድርጅት የተባይ ማጥፋት ሥራውን ለውጭ ኩባንያ በውል ሲሰጥ የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል፣ የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፣ ደረሰኝ ይጠይቃል። ያንኑ መርዝ በዚያው ግቢ ውስጥ በወር ደመወዝ በተቀጠረው ሰው እጅ ሲያስረጭ ግን ምንም የሚጠይቅ የለም። መርዙ አንድ ነው፤ የሚታፈነው አየር አንድ ነው፤ የሚለየው የክፍያው መንገድ ብቻ ነው። የደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ መስፈሩ ሠራተኛውን ባለሙያ ያደረገው ይመስል ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ እንደሚታዘዙ መርጫም ይታዘዛሉ።

መርጫ ግን መጥረጊያ አይደለም። በጎተራና በመጋዘን የተለመደው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም። በንግድ የሚገኘው የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ቢኖረውም፣ ሽታውን ጠብቆ የሚሸሽ ሰው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ ከመጋዘኑ ጎን ባለው ቤት ለተኛ ሰው ይደርሳል። ማርከሻ መድኃኒትም የለውም፤ ሐኪም የሚችለው የታማሚውን ትንፋሽና ልብ መደገፍ ብቻ ነው። ማላታይንን የመሳሰሉት የኦርጋኖፎስፌት መርዞች ደግሞ የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። ነርቭ ለጡንቻ የላከውን መልእክት የሚያቆመውን ኢንዛይም ስለሚያግዱት፣ ነፍሳቱን የሚገድለው ሥራ በሰውም ላይ ይሠራል፤ ላብ፣ ምራቅ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ በመጨረሻም የትንፋሽ ማጠር ይከተላል። በቆዳ በኩል ይገባል። ጀርባው ላይ የሚያንጠባጥብ መርጫ ተሸክሞ የዋለ ሰው ምንም ሳይቀምስ ሊመረዝ ይችላል። ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት እየተባለም በሰውነቱ ውስጥ ያለው ኢንዛይም እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ እሱ ግን ድካሙን የዕድሜ ነው ይላል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሊኖር ይገባል ማለት ከእኛ ታሪክ ውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። በ1958 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። በዓመቱ የወባ ማጥፋት ድርጅት ተቋቋመ፤ ከዚያም ለአሠርት ዓመታት የቤት ለቤት ርጭት ሲካሄድ ኖረ። የወባ ርጭት ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ ለወራት ብቻ የሚቀጠር የገጠር ወጣት ነበር። ሆኖም ፓምፑን ከመረከቡ በፊት ይሠለጥን ነበር፤ ፓምፑን ከግድግዳው በምን ያህል ርቀት መያዝ እንዳለበት በውኃ ብቻ እየረጨ ይለማመድ ነበር። ምግብና ዕቃ ሳይወጣ አይረጭም፤ የረጨውን ቤት ይመዘግባል፤ ተቆጣጣሪ ይከታተለዋል። አፈጻጸሙ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር አልልም፤ ከርጭት የተረፈ ዲዲቲ ወደ ገበያ ሾልኮ መሸጡን የማያውቅ የለም። ነገር ግን መሠረተ ሐሳቡ የቀና ነበር። ትልቅ ትምህርት የሌለውን የገበሬ ልጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራውን የሚያውቅና በሥራው የሚጠየቅ ሠራተኛ ማድረግ እንደሚቻል በተግባር አሳይቷል። ለጭቃ ግድግዳ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ልጆች በሚማሩበት ክፍል ለምን እንደምንዘናጋ ለእኔ ግልጽ አይደለም።

ተጠያቂ በሌለበት መርዝ የት እንደሚደርስም አይተናል። ለአንበጣ፣ ለተምችና ለሌላው ተባይ እየተባለ በእርዳታና በግዥ ገብቶ በየመጋዘኑ ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ በበርሜል እየተከማቸ፣ በርሜሉ እየዛገና እየፈሰሰ ለዓመታት ተቀመጠ። ከሺህ ቶን በላይ የሚሆነው በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዓመታት ተለቅሞ፣ ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ተቃጠለ። ወጪውን እዚህ ላይ አንቆጥርም። የዚያን መጋዘን ቁልፍ ይዘው ለዓመታት በራፉ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ጤና ግን የመረመረ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህ ጸሐፊ በውጭ አገር ትምህርት ላይ ሳለ በተማሪዎች ማደሪያ ትኋን ተገኘ። የመጣው ሰው የኩባንያ ሰው አልነበረም፤ ቧንቧ የሚጠግነውና አምፑል የሚቀይረው የማደሪያው ሠራተኛ ነበር። ቦርሳውን ከመክፈቱ በፊት በሩ ላይ አንዲት ወረቀት ለጠፈ፦ ስሙ፣ የፈቃዱ ቁጥር፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ወደ ክፍሉ መመለስ የሚቻልበት ሰዓት። እኛ ተማሪዎቹ በወረቀቷ ሣቅን። በኋላ እንደተረዳሁት ግን ያቺ ወረቀት በዘፈቀደ የመጣች አልነበረችም። በአሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ሕግ መርዞችን ለሁለት ከፍሎ፣ አደገኛ የሆኑት በተመሰከረለት ሰው እጅ ወይም በእሱ ተቆጣጣሪነት ብቻ እንዲረጩ ደነገገ። በዚህም መነሻ በበርካታ ክፍለ ግዛቶች ለንግድ ሳይሆን በአሠሪው ግቢ ውስጥ ለሚረጭ ተቀጣሪ የተለየ የፈቃድ ዓይነት ተዘጋጀ። ፈቃዱ የሚጻፈው በሰውየው ስም ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለባለሙያ የተመደበ ፀረ-ተባይ የምስክር ወረቀት ለያዘ ብቻ እንዲሸጥ ወስኗል።

በእኛም አገር ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ1982 ዓ.ም. የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ልዩ ድንጋጌ ወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 674 ተከተለው። ከስማቸው እንደምንረዳው የእነዚህ ሕጎች ክብደት ያረፈው በምርቱ ላይ ነው፦ ምን ተመዘገበ፣ ማን አስገባ፣ ማን ሸጠ። ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም የተመዘገበ መርዝም በማያውቅ እጅ መርዝ ነው። በሌላ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራውን አደጋ እንዲያስረዳ፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ፣ አደገኛ ሥራ የሚሠሩትንም በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያስገድዳል። የመንግሥት ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ግን የምትተዳደረው በሌላ ሕግ፣ በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። መርዙ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያውቅም።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው፦ በተቋም ውስጥ የሚረጭ ማንኛውም ተቀጣሪ በራሱ ስም የተጻፈ፣ በየጊዜው የሚታደስ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የሥልጠናውንና የፈቃዱን ወጪ የሚሸፍነው ተቋሙ ይሁን።

ይህን ስንል የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቀዋለን። «ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኛ ፈቃድ? ማንበብ የማይችለውስ? ይህ ሌላ የቢሮ ውጣ ውረድ፣ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ የጉቦ በር ነው» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ ካልተመላለሱ የማይገኝ፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚፈተኑበት ፈቃድ ከሆነ ባይመጣ ይሻላል። ፈተናው በአማርኛ፣ በቃልና በተግባር ሊሆን ይችላል። በጠርሙሱ ላይ ያለችው የቀለም መስመር ቀይ ስትሆን እጅግ አደገኛ መሆኑን፣ ብጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እያለ አደጋው እንደሚቀንስ ለመለየት ዲግሪ አያስፈልግም። ሥልጠናውንም ለመስጠት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቡሬ ግቢ አለው፤ ወረዳዎቹ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ አላቸው። ሦስት ቀን ቢበቃ ነው። ደግሞም በደንብ የሠለጠነ ሠራተኛ ብዙ የሚረጭ አይደለም፦ የአይጡን ቀዳዳ ይደፍናል፣ በቆሎው በደንብ ሳይደርቅ እንዳይገባ ይከራከራል፣ አየር የማያስገባውን ከረጢት ይመርጣል፣ የትኋኑን አልጋ በፈላ ውኃ ይጀምራል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ከባዱ ግን በስብሰባ ላይ የማይነሣው ነው፤ እሱን የሰማሁት ከሠራተኞቹ ከራሳቸው ነው። «ፈቃድ ከያዝኩ፣ ሰው ሲመረዝ የምታሰረው እኔ ነኝ» አለችኝ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ። ይህ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። የምስክር ወረቀት ያለ ሥልጣን ከተሰጠ፣ ድርጅቱ ጥፋቱን በትንሹ ሰው ትከሻ ላይ የሚያራግፍበት መሣሪያ ይሆናል። ጓንት ሳይገዛ፣ ሳሙናና ውኃ ሳያቀርብ፣ «ነገ ትምህርት ይጀመራል፣ ዛሬ ማታ ጨርሺ» ብሎ አዝዞ፣ አደጋ ሲደርስ «ፈቃድ ያላት እሷ ናት» ሊል ነው። ስለዚህ ፈቃዱ ሁለት ፊርማ ይኑረው። በአንዱ ፊርማ ሠራተኛዋ ሥራውን መማሯን ታረጋግጣለች። በሁለተኛው የተቋሙ ኃላፊ ልብሱን፣ ጭንብሉን፣ መታጠቢያውን፣ የጤና ምርመራውንና በቂ ጊዜን ለመስጠት በስሙ ይገደዳል። ከሁለተኛው ፊርማ አንዱ ግዴታ ከጎደለም ሠራተኛዋ «አልረጭም» ብትል ከደመወዟም ከሥራዋም እንዳትነካ በጽሑፍ ይስፈር። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ቅርብና ከባድ አደጋ አለበት ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራ ገለል ያለ ሠራተኛ ያላግባብ እንዳይጎዳ ያስገድዳል። ዛሬ ያ የመጋዘን ጥበቃ «እምቢ» ቢል በሥራ ገበታው እንደታከተ ሰው ይቆጠራል። ፈቃዱ በኪሱ ቢኖር ግን እምቢታው የሙያ ቃል ይሆናል፤ ለእኔ የፈቃዱ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ሕጉ እስኪሟላ የቀበሌ ነዋሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ እጁን አጣምሮ አይቀመጥም። መራዊ ውስጥ ልጅ ያለው ወላጅ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ መጠየቅ ይችላል፦ ክፍሎቹ መቼ ተረጩ? በምን? ማን ረጨ? ልጆቹ የገቡት ከስንት ሰዓት በኋላ ነው? የመርዙ ዕቃ ቤት ቁልፍ በማን እጅ ነው? ባዶው ጀሪካንስ የት ሄደ፣ ተበሳስቶ ተወገደ ወይስ ጠላ ሊጠመቅበት ተሸጠ? እነዚህን ለመጠየቅ ከማንም ፈቃድ አያስፈልግም። መልሱ በመዝገብ ካልሰፈረ መዝገቡ በዚያው ቀን ይከፈት፤ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ በቂ ነው። የመጋዘንና የፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበራትም በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ የርጭት ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ እንዲጻፍ፣ ከመደበኛው ደመወዝ በላይም እንዲከፈልበት ይጠይቁ።

ሽማግሌው ጥበቃ ስሰናበተው ክኒኑ ያለበትን ቆርቆሮ የት እንደሚያኖረው አሳየኝ። በጥበቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከሚተኛበት አልጋ ሥር ነበር፤ «ሌባ እንዳይወስደው» አለኝ። የሚቀጥለው በቆሎ ወደዚያ መጋዘን የሚገባው በታኅሣሥ ነው።