ቀበቶው ከስቶማው በታች ይታሠር

በዚህ ገጽ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማና ስለ አገር ናፍቆት ብዙ ሲጻፍ ቆይቷል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ጥቂቶቻችሁን ብቻ የሚመለከት ነው፤ እነዚያ ጥቂቶችም ቢሆኑ ለማንም አይናገሩትም። በቀዶ ሕክምና በሆዳቸው ላይ ቀዳዳ ተከፍቶላቸው ሰገራቸው ወይም ሽንታቸው ወደ ከረጢት የሚወርድ እኅቶች በመካከላችን አሉ። ቀዳዳውን ሐኪሞች ስቶማ ይሉታል። ከትልቁ አንጀት የወጣ ከሆነ ኮሎስቶሚ፣ ከትንሹ ከሆነ ኢሊዮስቶሚ፣ የሽንት ከሆነ ደግሞ ዩሮስቶሚ ይባላል። ማብሰሉንም፣ ማጽዳቱንም፣ ልጅ መያዙንም ቀስ በቀስ ለምደውታል። መኪና ውስጥ ሲገቡ ግን ዐረቦቹ ሒዛም የሚሉት የመቀመጫ ቀበቶ ያስጨንቃቸዋል።

እዚህ ነሲም ከእኅቶች ጋር ወደ መስተሽፋ ስንመላለስ የማየው ይህንን ነው። አንዷ ቀበቶውን ከጀርባዋ አሳልፋ ትቆልፈዋለች፤ ሾፌሩ የታሠረች ይመስለዋል። ሌላዋ የትከሻውን ክፍል በብብቷ ሥር ታሳልፈዋለች። ሌላዋ ደግሞ መንገዱን ሙሉ በሁለት እጇ ከሆዷ አርቃ ይዛው ትሄዳለች። ሲጠየቁ መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፤ «ከረጢቱን ይጫነዋል፣ ይፈስብኛል፣ መኪናው ውስጥ እዋረዳለሁ» ይላሉ። «የታመመችን ሴት ለምን በቀበቶ ታስጨንቋታላችሁ? እግዚአብሔር ይጠብቃታል» የሚሉ ወዳጆችም አሉ። እንዲህ የሚሉት ራሳቸው ማታ ማታ በራቸውን ቆልፈው እንደሚተኙ አውቃለሁ።

የእኔ አስተያየት ቀበቶው መቅረት የለበትም ነው። ሊለወጥ የሚገባው የሚያርፍበት ቦታና የምትቀመጡበት ወንበር ነው። እንዲያውም ስቶማ ያለባት ሴት ቀበቶውን በትክክል ማሠር ከማንም የበለጠ ያስፈልጋታል። መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ በድንገት ሲቆም የተሳፋሪው ሰውነት በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል። ያን ኃይል ሊሸከም የሚችለው አጥንት ነው፤ ከታች የዳሌ አጥንት፣ ከላይ የደረትና የትከሻ አጥንት። ቀበቶው ለስላሳው ሆድ ላይ ካረፈ ግን አንጀትን ወደ ጀርባ አጥንት ይጨፈልቃል፤ ሐኪሞች በአደጋ ከመጡ ሰዎች ላይ በሚገባ የሚያውቁት ጉዳት ነው። ሆዷ ጤነኛ የሆነች ሴት እንኳ ይህ ይደርስባታል፤ አንጀቷ ከቆዳ ውጭ ያለች ሴት እንዴት እንደምትሆን መገመት አያዳግትም። ያለ ቀበቶ መቀመጥም አያድናትም፤ የፊተኛው ወንበር ጀርባ በሆዷ ይቀበላታል።

ታዲያ እንዴት ይታሠር? መጀመሪያ ዐባያችሁ እንዳይጠቀለል አስተካክላችሁ ወንበሩ ላይ እስከ ጥግ ድረስ ገፍታችሁ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። አጎንብሳ የተቀመጠች ሴት ቀበቶዋ ሁልጊዜ ወደ ሆዷ ይወጣል። ከቆለፋችሁ በኋላ የወገቡን ክፍል በሁለት እጃችሁ ወደ ታች ግፉት፤ ከስቶማው በታች፣ ጭንና ዳሌ በሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ነፍሰ ጡር ሴት እንደምታሥረው ይሁን። ከዚያ የትከሻውን ክፍል ወደ ላይ ሳቡት፤ የወገቡ ክፍል የነበረው ልልነት በሙሉ ይወጣለታል። የትከሻው ክፍል በአንገትና በትከሻ ጫፍ መካከል አልፎ በደረት ላይ ይውረድ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ የወንበሩን ጎን ነው። በሳዑዲም ሆነ በአገራችን የመኪና መሪ በግራ ነው። ከሾፌሩ ኋላ በግራ በኩል የተቀመጠች ሴት ቀበቶዋ ከግራ ትከሻዋ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ዳሌዋ ይወርዳል፤ ስለዚህ የሆዷ ግራ ክፍል ከሰያፉ ቀበቶ ነጻ ይሆናል። በቀኝ የተቀመጠችው ደግሞ ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ዳሌ ስለሚወርድ የሆዷ ቀኝ ክፍል ነጻ ነው። ኮሎስቶሚ ብዙውን ጊዜ በሆድ ግራ በኩል፣ ኢሊዮስቶሚና ዩሮስቶሚ ደግሞ በቀኝ በኩል ነው የሚሠሩት። እንግዲህ ኮሎስቶሚ ያላት ከሾፌሩ ኋላ፣ ኢሊዮስቶሚ ያላት በቀኝ መስኮት በኩል ብትቀመጥ ስቶማዋን የሚነካ ሰያፍ ቀበቶ አይኖርም። ይህ አንድ ሃላላ አያስወጣም። መካከለኛው ወንበር አንዳንድ መኪና ላይ የወገብ ቀበቶ ብቻ ስላለው ብትሸሹት ይሻላል።

በቀበቶውና በሆድ መካከል ትራስ ወይም የተጣጠፈ ፎጣ ማድረግ ጥሩ ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን በግጭት ጊዜ ትራሱ ይታመቅና ቀበቶው የዚያን ያህል ይላላል፤ ሰውነትም ከሥሩ ያመልጣል። በመለዋወጫ ሱቆች የሚሸጡት ቀበቶውን አላልተው የሚይዙ ቆንጣጮችም፣ የመኪናውን ጢጥ ጢጥታ ዝም ለማሰኘት የሚሰኩት ባዶ ምላሶችም እንዲሁ አይጠቅሙም። ለስቶማ ተብለው የተሠሩ ጠንካራ መከላከያዎች በአንዳንድ ትልልቅ የሕክምና ዕቃ መደብሮች ይገኛሉ፤ እነርሱንም ቢሆን ነርስ ሳትጠይቁ አትግዙ።

ከረጢቱ ራሱ እንዳይፈስ የሚደረገው ጥንቃቄ ቀላል ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ባዶ አድርጉት፤ አንድ ሦስተኛ ያህል ከሞላ አትጠብቁት። ባዶ ከረጢት ላይ ጨርቅ ቢያርፍበትም ምንም አይሆንም፤ የሚፈሰው ሙሉ ከረጢት ሲጫን ነው። መለዋወጫውን፣ እርጥብ መጥረጊያውንና አንድ የውስጥ ልብስ በትንሽ ሸንጣ ይዛችሁ ውጡ፤ ነገር ግን መኪና ውስጥ ትታችሁት አትሂዱ። በሪያድ ክረምት፣ ማለትም እነርሱ ሶይፍ በሚሉት ወራት፣ የውጩ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት የከረጢቱን ማጣበቂያ ያበላሸዋል። ኢሊዮስቶሚ ያላችሁ በተለይ ውኃና ጨው በብዛት ስለምታጡ በመንገድ ላይ ውኃ አይለያችሁ። ሐማም ፍለጋ እንዳትቸገሩ ብላችሁ ውኃ መጠጣት ማቆማችሁን አውቃለሁ፤ እርሱ ግን ከመፍሰሱ የባሰ አደጋ ነው።

ስለዚህ ከረጢት ታሪክ አንድ ነገር ልናገር፤ እኅት ለእኅቷ ያደረገችው ነውና ለእናንተ ይሆናል። ዴንማርክ ውስጥ ኤሊሰ ሶረንሰን የምትባል ነርስ ነበረች። እኅቷ ቶራ የስቶማ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በሰው ፊት ይፈስብኛል ብላ ከቤት መውጣት ፈርታ ነበር። ኤሊሰ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. በ1954 በቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ የሚጣልም ከረጢት አሰበች። ኮሎፕላስት የተባለው ኩባንያ የተመሠረተው ከዚህ ሐሳብ ነው፤ ዛሬ በሰይደሊያ የምትገዙት ሁሉ የዚያ ዘር ነው ማለት ይቻላል። ሦስት ቦታ የሚይዘውን የመኪና ቀበቶ ደግሞ ኒልስ ቦሊን የተባለ የቮልቮ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ስዊድን ውስጥ ሠራው። ሁለቱ ነገሮች አምስት ዓመት ተለያይተው ከጎረቤት አገሮች የወጡ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ሊስማማ የማይችል ተደርጎ መቆጠሩ ይገርመኛል።

በአገራችንም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። የአንጀት መታጠፍ የሚባለው ሕመም በኢትዮጵያ፣ በገጠሩም ዘንድ፣ የታወቀ ነው፤ የታጠፈው አንጀት ከሞተ ሐኪሞች ቆርጠው ያወጡትና ለጊዜው ኮሎስቶሚ ይሠራሉ። ብዙዎቹ ከወራት በኋላ መልሰው ይዘጋላቸዋል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታላቸውን ከፈቱ። በወሊድ ከተጎዱት ሴቶች አብዛኞቹ ድነው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ፊኛቸው ሊጠገን ላልቻለው ጥቂቶች ሽንታቸው በሌላ መንገድ እንዲወጣ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል፤ ከእነርሱም መካከል በከረጢት የሚኖሩ አሉ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለው ደስታ መንደር የተሠራው እንዲህ ላሉት ሴቶች ነው። እዚያ ሴቶቹ ይሠራሉ፣ ይማራሉ፣ መኪናም ይሳፈራሉ። እኛ ግን እዚህ አንዲት እኅት ከረጢት እንዳላት ስንሰማ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናወራለን፤ ከዚያም በኋላ ለምን እንደምትደብቀን እንጠይቃለን።

ሕጉን በተመለከተ፣ ሳዑዲ ዐረቢያ ሾፌርና ከፊት የሚቀመጥ ሰው ቀበቶ እንዲያሥር ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ነው። ከመጋቢት 2018 ጀምሮ ደግሞ ካሜራ ራሱ አይቶ ይቀጣል፤ መቀጫው ከ150 እስከ 300 ሪያል ነው። ስለዚህ ከፊት ያለው ሰው ዛሬ ያሥራል። ከኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከልጆቹ መካከል ወይም በመጨረሻው ወንበር፣ የምትቀመጠው ሠራተኛ ግን ማሠሯን የሚጠይቃት የለም። «ማንም አላየኝም» ማለት ለእኛ ሴቶች እፎይታ ሆኖ መቅረቡ ያሳዝናል።

ለማዳም ይነገር ወይስ አይነገር የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው፤ «ንገሩ» ብዬ በድፍረት አልጽፍም። ሕመሟን ተናግራ ወደ አገሯ ስለ መመለስ የምትሰጋ እኅት ስጋቷ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሁሉንም መናገርና ምንም አለመናገር ብቻ አይደሉም ያሉት። «ዐመሊያ ፊ በጥኒ» የሚለው፣ ማለትም ሆዴ ላይ ቀዶ ሕክምና አለኝ የሚለው፣ ብዙ ማብራሪያ ሳያስከትል ወንበር ለመምረጥና በመንገድ ላይ ለመቆም ይበቃል። ወደ ደማም 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ መካ ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ ሲኬድ በየሁለት ሰዓቱ መቆም ለሾፌሩም ለልጆቹም ይጠቅማልና፣ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁት፤ ከረጢቱ ከሞላ በኋላ መለመን ይከብዳል። ሾፌር የሆናችሁ ወንድሞቻችንም፣ አንዲት እኅት «ከግራ በኩል ልቀመጥ» ስትላችሁ ለምን ብላችሁ አትጠይቋት። መስታወቱንም ወደ እርሷ አታዙሩባት።

ቀዶ ሕክምናው ገና ለወደፊት የተያዘላችሁ ካላችሁ አንድ ዕድል አላችሁ። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር የስቶማው ቦታ አስቀድሞ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ነርሷ ተኝታችሁም፣ ተቀምጣችሁም፣ ቆማችሁም ታያችኋለች። በዚያን ጊዜ መኪና ውስጥ እንደምትቀመጡ ሆናችሁ ተቀምጡና ቀበቶ የት እንደሚያርፍ በእጃችሁ አሳዩአት። ወለል ለማጽዳት እንደምታጎነብሱም ንገሯት። ቋንቋ ካልሞላላችሁ አብራችሁ የምትሄድ ሴት እንድትኖር ከእኛ ጋር መነጋገር ትችላላችሁ። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በኋላ መኪና መሳፈር መቼ እንደምትጀምሩና ቁስሉ አጠገብ እብጠት ቢታይ ምን እንደምታደርጉ የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው፤ ቀበቶ በማሠር የሚቸግራችሁ ነገር ካለም ለእርሱ ንገሩት።

በዕረፍት ቀን በከተማው ውስጥ ብቻ ለምትንቀሳቀሱ ደግሞ ሌላ ምርጫ አለ። የሪያድ ሜትሮ ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ነሲም ጣቢያ ላይ ብርቱካናማውና ሐምራዊው መስመር ይገናኛሉ። በባቡሩ ቀበቶ የለም፤ ሴቶችና ቤተሰብ የሚቀመጡበትም ክፍል አለው።

መኪናው በኃይል ፍሬን ይዞ ቀበቶው ሆዳችሁን ቢያስጨንቀው፣ ባያማችሁም እቤት ስትደርሱ ስቶማውን ተመልከቱት። ስቶማ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ ስለሌለው ቢቆስልም ላይነግራችሁ ይችላል። ጤነኛው ቀይ ወይም ሮዝ፣ ርጥብም ነው። ሲነኩት ጥቂት ደም ጠብ ማለቱ የተለመደ ነው። ደሙ ካልቆመ፣ ስቶማው ከጠቆረ ወይም ከወየበ፣ ሆድ ከተነፋና ምንም መውጣት ካቆመ ግን ሰዓት አትቁጠሩ። የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ስልክ 997፣ የጤና ሚኒስቴር ምክር የሚሰጥበት ደግሞ 937 ነው።