ይድረስ ልጃችንን በቁመቱ ለመለሱት ጋሼ

ጋሼ፣ ይህን በስልክ ልነግርዎ እችል ነበር። ነገር ግን ስለ ልጁ የተናገሩት ቃል እኛ ዘንድ የደረሰው ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው እየዞረ፣ በሰው በሰው ነውና እኔም ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ መመለሱን መረጥኩ። ስምዎን አልጠራም፤ የሚሠሩበትንም አላነሣም። ሲያነቡት ለማን እንደተጻፈ ያውቁታል፤ ለእኔ ይኸው ይበቃኛል።

«ለሴንተር አጭር ነው፤ ለፎርዋርድ ደግሞ እግሩ አይፈጥንም» ብለዋል አሉ። እንደ ልማድዎ በጨዋ አነጋገር፣ «ልጁስ ጎበዝ ነበር» የሚል መቅድም አስቀድመው። አራት ዓመት ሙሉ በኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ከእሱ በአንድ ጭንቅላት የሚበልጡትን እየገፋ ኳስ ሲለቅም የኖረ ልጅ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ከሁለት ያጣ ሆኖ ቀረ። በሰኔው የድራፍት ምሽት፣ የትልቁ ሊግ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በስም እየጠሩ በሚመርጡበት፣ እናቱ ቤት ተሰብስበን ነበር። በሁለት ዙር ወደ 60 የሚጠጋ ስም ሲጠራ፣ አቦሉ ተቀዳ፣ ቶናው ተቀዳ፣ በረካውም ተጠጥቶ አለቀ፤ እሱም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠና ሲኒዎቹን ለማጠብ ተነሣ። በማግስቱ ይደወላል ብለን ነበር፤ በድራፍት ያልተጠራ ልጅ ሰመር ሊግ ለሚባለው የሙከራ ውድድር ሊጠራ እንደሚችል እርስዎም እኔም እናውቃለን። ያም አልመጣም። በሩን የዘጋው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው አልልም፤ ግን ሌሎቹ ቡድኖች ስለ ልጁ ሲጠይቁ የጠየቁት እርስዎን ነበር።

እኔን ይህን ጨዋታ ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት። ለአገሩ እንግዳ የሆንኩ ልጅ ሳለሁ ከሥራ መልስ እየወሰዱ ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር፣ ካፒታል ሴንተር ጣሪያው ሥር ካለው ርካሽ ወንበር ያስቀምጡኝ ነበር። የ1987/88ቱን ዋሽንግተን ቡሌትስ አይረሱትም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ከጎረቤታችን ከሱዳን የመጣው ማኑት ቦል 2 ሜትር ከ31፤ በዚያው ማሊያ ማግሲ ቦግስ 1 ሜትር ከ60። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ የማይስቅ ሰው አልነበረም። እኔም ስስቅ እርስዎ ትከሻዬን ነካ አደረጉና «እነሱን ተዋቸው፤ ያንን ሰውዬ እይ» ብለው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዋና አሠልጣኝ ወደሆነው ወደ ዌስ አንሰልድ ጠቆሙኝ።

ከዚያ በኋላ ስንት ምሽት ስለ አንሰልድ አወሩኝ! መዝገቡ 2 ሜትር ከ1 ይለዋል፤ ለሴንተር በዚያ ዘመንም አጭር ነው። በ1968 ገብቶ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም፣ የሊጉ ኮከብም ተባለ፤ ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ ዊልት ቻምበርሌን ብቻ ነበር፣ ከእሱ ወዲህም የደገመው የለም። በዚያ የመጀመሪያ ዓመቱ በየጨዋታው በአማካይ ከ18 በላይ ሪባውንድ ወሰደ። በ1978 ቡሌትስ ዋንጫ ሲያነሣ የፍጻሜው ኮከብ እሱ ነበር። ኳሷን ከቅርጫቱ ሥር ነጥቆ፣ እግሩ ገና መሬት ሳይረግጥ፣ ወደ ሜዳው አጋማሽ እንዴት እንደሚወረውራት በእጅዎ እያሳዩ መኪና ውስጥ ሲነግሩኝ መሪውን መልቀቅዎ ያስፈራኝ ነበር። ሪባውንድ የሚወስደው ቀድሞ ቦታውን የያዘ እንደሆነ፣ ወገብና ዳሌ ከክንድ እንደሚቀድሙ የሰማሁት ከእርስዎ አፍ ነው። ታዲያ ያንን ሁሉ ያወሩኝ ሰው፣ አንሰልድን ቆመው ያጨበጨቡለት ሰው፣ የራሳቸው ሰፈር ልጅ ያንኑ ቦታ አያያዝ ይዞ ፊታቸው ሲቆም ሜትር አውጥተው «አጭር ነህ» ሲሉት ምን ልበል?

የ2009ኙንም አብረን ነው ያየነው፤ በአንድ ክፍል ባንሆንም በስልክ እየተጯጯህን። በየካቲት የፒትስበርግና የኮኔቲከት የኮሌጅ ቡድኖች ተገናኙ። በአንድ ወገን የዳሬሰላሙ ሃሺም ታቢት፣ 2 ሜትር ከ21፤ በሌላው ደዋን ብሌር፣ 2 ሜትር ከ1። ብሌር 22 ነጥብና 23 ሪባውንድ ይዞ ወጣ፤ ኳስ ሲሻሙ አንዴ ታቢትን በትከሻው ላይ ገልብጦ ጣለው። የዓመቱን የሊጋቸውን ኮከብነት ሁለቱ ተጋሩት። በሰኔ ድራፍቱ ሲመጣ ታቢት ሁለተኛ፣ ብሌር 37ኛ ሆነው ተጠሩ። የብሌር ጉልበቶች ዋና ጅማት እንደሌላቸው ሐኪሞች አይተው ነበርና ወደታች የወረደው በቁመቱ ብቻ አይደለም፤ ይህን አልሸሽግም። ያም ሆኖ በመጀመሪያ ዓመቱ ለሳን አንቶኒዮ 82ቱንም ጨዋታ ተሰለፈ። ታቢት ግን በዚያው የውድድር ዘመን ወደ ታችኛው ሊግ ተላከ፤ ከአምስት የውድድር ዘመን በኋላም ከሊጉ ወጣ። በእሱ አልስቅም። ኳስ የጀመረው በአሥራዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ ነው፤ ጊዜ የሚፈልግ ልጅ ነበር፤ ሜትሩ ግን ከጄምስ ሃርደንና ከስቴፈን ከሪ አስቀድሞ አስጠራውና የማይችለውን ሸክም ጫነበት። ያ መለኪያ የጎዳው አጭሩን ብቻ አልነበረም ጋሼ፤ እርስዎም ያኔ ይህንኑ በምሬት ብለውኛል።

አሁን ደግሞ ለእርስዎ ልሟገት፤ ፍርድ እንዳላዛባ። ዘመኑ ለልጁ ምቹ አይደለም። ቪክቶር ዌምባንያማ ያን ሁሉ ቁመት ይዞ ከሦስት ነጥብ መስመር ይወረውራል፣ እንደ ጋርድ ኳስ ያንጠባጥባል። በ2025 ዋንጫ ያነሣው ኦክላሆማ ሲቲ ሁለት ረጃጅሞችን አብሮ ያሰልፍ ነበር፤ ትንንሽ ሰው ሰብስቦ መሮጥ እንደ ቀድሞው አያስደነግጥም። የኮንጎው ልጅ ኦስካር ቺብዌ በ2022 በአሜሪካ ኮሌጆች የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ፣ በየጨዋታው ከ15 በላይ ሪባውንድ እየወሰደ፣ በ2023 ድራፍት ስሙ ሳይጠራ ቀረ፤ ያገኘው ከፊሉን ጊዜ በታችኛው ሊግ የሚያሳልፍበትን ውል ነው። እሱ ደግሞ ከእኛው ልጅ ይረዝማል። የኮሌጅ ሪባውንድ ብቻውን ደሞዝ እንደማይሆን አውቃለሁ። የእኛውም ልጅ የሦስት ነጥብ ውርወራው ገና ነው፤ ስክሪን መጥቶ ከጋርድ ጋር ሲቀያየር የመጀመሪያው እርምጃው የሚዘገይበት ጊዜ አለ። «ውርወራውን ያሻሽል፣ ከዚያ ይምጣ» ብለው ቢመልሱት ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ውርወራ ይለመዳል፤ እግር ይሠራል። እርስዎ ግን ልጁ ምንም ሊያደርግበት የማይችለውን አንዱን ነገር መርጠው በሩን በእሱ ቆለፉበት፤ ይህ ነው ያቃጠለኝ።

ለመሆኑ ክንዱን ለክተውታል? በግ ተራ የሄደ ሰው እንኳ ቀንድ አይቶ አይገዛም፤ ወገቡን ይዳብሳል፣ ጥርሱን ያያል። ከድራፍቱ በፊት ቺካጎ ላይ ልጆቹን በባዶ እግራቸው አቁመው ሲለኩ የሁለቱን ክንድ ዝርጋታም፣ ቆመው እጃቸውን ሲሰቅሉ የሚደርሱበትንም የሚጽፉት በከንቱ አይደለም። ድሬይመንድ ግሪን ከልጃችን ጋር በቁመት እኩል ነው፤ 1 ሜትር ከ98። ክንዱ ሲዘረጋ ግን ከ2 ሜትር ከ10 ያልፋል። ሚሺጋን ስቴት አራቱን ዓመት ጨርሶ በ2012 ሲወጣ ስለ እሱም ያሉት ይህንኑ ነበር፤ 35ኛ ሆኖ ተጠራ። በ2015ቱ ፍጻሜ ክሊቭላንድ 2 ለ1 እየመራ ሳለ የጎልደን ስቴት አሠልጣኝ ግዙፉን ሴንተር አንድሩ ቦገትን ከቋሚ አሰላለፍ አስወጥቶ ግሪንን ከቅርጫቱ ሥር አቆመ፤ የቀሩትን ሦስቱንም አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። በ2017 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ሁሉም ግሪን አይሆንም፤ በዚህ አልከራከርዎም። ግሪንን ያተረፈው አፉና ጭንቅላቱ ነው፤ አራቱን ጓደኞቹን እየጮኸ ቦታ ቦታ የሚያስይዝ፣ የተጋጣሚን ሐሳብ አንድ ቅብብል ቀድሞ የሚያነብ። ልጃችን ከጀርባ ቆሞ ሲጮህ ሰምተውት ያውቃሉ? እርስዎ የሰፈሩን ልጆች በሚያሠለጥኑበት በቅዳሜ ልምምድ ገና በ14 ዓመቱ ትልልቆቹን ሲያዝ «ይህ ልጅ አሠልጣኝ ይሆናል» ብለው የሳቁት እርስዎ አልነበሩም?

ሌላው ቅሬታዬ የትዕግሥት ነገር ነው። ረጅም ልጅ ሲጠፋው «ገና ነው፣ ይበስላል» ይባላል። በመጀመሪያው ዙር የተጠራ ውሉ የተረጋገጠ ነውና ዓመታት ይሰጡታል፤ አጭር ልጅ ግን ሳምንታት ቢሰጠው ነው፣ በእነዚያም ሳምንታት አንድ ስህተቱ ስለ ቁመቱ ማስረጃ ይሆንበታል። ፒ ጄ ታከር 1 ሜትር ከ96 ነው። በ2006 በ35ኛነት ተጠርቶ ዓመት ሳይሞላው ተሰናበተና ዓለምን ዞረ፤ በ2008 ከሆሎን ጋር የማካቢ ቴል አቪቭን የ14 ዓመት ተከታታይ የእስራኤል ሻምፒዮንነት ሲሰብር እዚያ ያሉ ወገኖቻችን አይተውት ይሆናል። ዩክሬን፣ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ጀርመን ተጫውቶ በ2012 ተመለሰ፤ በ2020 ሂውስተን ላይ ሴንተር ሆኖ ተሰለፈ፤ በ2021 ከሚልዋኪ ጋር ዋንጫ አነሣ። በዚያው በ2006 ድራፍት ፖል ሚልሳፕ፣ ሦስት ዓመት ተከታትሎ የአሜሪካ ኮሌጆችን በሪባውንድ የመራው፣ 47ኛ ሆኖ ተጠራ፤ በኋላ አራት ጊዜ ኦል ስታር ሆነ። ለእነዚህ ሰዎች ያኔ «አይሆኑም» ያሉት ክፉዎች አልነበሩም፤ እንደ እርስዎ ጨዋታውን የሚወዱ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ፣ አንድ ተሳስተው ብዙ ገንዘብ ያስጠፉ እንዳይባሉ የሚሰጉ ሰዎች ነበሩ። ረጅሙን መርጦ የተሳሳተን ማንም አይወቅሰውም፤ አጭሩን መርጦ የተሳሳተ ግን ይሳቅበታል። ያ ሳቅ ነው እንዴ ጋሼ ያስፈራዎት?

ከሁሉ የከፋውን እስካሁን ያዘገየሁት ከብዶኝ ነው። ቃሉን ከእርስዎ አፍ አልሰማውም። «አባባ» እያለ የሚጠራዎት ልጅ፣ መጀመሪያ ቦታ መያዝን ያሳዩት፣ እግሩን ምን ያህል ከፍቶ ጉልበቱን ምን ያህል አጥፎ መቆም እንዳለበት በእግርዎ ጫማውን እየገፉ ያስተካከሉለት ልጅ፣ በኮሌጅ ያደረጋቸውን ጨዋታዎች ሁሉ መጀመሪያ ለእርስዎ ሲልክ የኖረ ልጅ፣ አጭር መሆኑን ከማያውቀው ሰው ሰማ፤ ሰምቶም በእርስዎ ላይ አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገር «እሳቸው ካሉ ይሆናል» ብሎ ዝም ሲል እናቱ ያን ዝምታ እንዴት እንደቻለችው እኔ አላውቅም። እውነቱን ሊነግሩት ይችሉ ነበር። ልጁ እውነት ይችላል፤ በቅዳሜ ልምምድ ከማንም ይልቅ የተቆጡት እሱን ነው፤ አንድም ቀን አኩርፎ አልቀረም።

አሁን የምለምንዎት ብዙ አይደለም። መስከረም ላይ ቡድኖቹ የዝግጅት ልምምድ ይከፍታሉ፤ ታችኛው ሊግም ልጆች ይሞክራል። አንድ ስልክ ይደውሉ፤ ልጁ ራሱ ይሂድ። ሲሞክሩት ግን ከረጃጅሞቹ ጋር ቅርጫቱ ሥር ብቻ አቁመው አይዩት። ፈጣን ጋርድ ፊት፣ ከሦስት ነጥብ መስመሩ ውጭ ያቁሙት፤ ስክሪን ይምጣበት፣ ይቀያየር፤ ኳሷን ሜዳው መሃል ተቀብሎ ሁለት ተከላካይ ሲመጡበት ለማን እንደሚያቀብል ይዩ። ከጥግ አምሳ ኳስ ያስወርውሩት፤ ስንቱን እንደሳተ ይጻፉበት። ክንዱንም ይለኩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም አይሆንም ካሉ፣ እሺ፤ እኔም አልከራከርም፣ እሱም አውሮፓ ይሂድ ወይ ሌላ ሥራ ይያዝ። ቅዳሜ ጠዋት አሁንም እዚያው ሜዳ ላይ ነው፤ ትንንሾቹን ያሠለጥናል።

መልስዎን ለእኔ አይጻፉ፤ ለእሱ ይደውሉለት።

አክባሪዎ