ሁለት ኃይሉ ከአንድ ቤት

አንድ አየርላንዳዊ ኦብራየን ከተባለ፣ የስሙ ግንድ በ1014 እ.ኤ.አ. የሞተው ንጉሥ ብራያን ቦሩ ነው ይባላል። በፊት የምትገባው «ኦ» በቋንቋቸው የልጅ ልጅ ማለት ናት። ስሙ ትውልድ በተለወጠ ቁጥር አይለወጥም።

እኛ ዘንድ ግን የቤተሰብ ስም የለም። የአባት ስም በየትውልዱ ይታደሳል፤ የልጅ ስምም ከእናት ምኞት፣ ከዘመኑ ሐዘንና ደስታ፣ ከታቦት ቀን ይወጣል። ይህን እያወቅን የሰውን ስም እስከ አያቱ ሰምተን ወገኑን እንደለድላለን፤ ከወገኑም አቋሙን እንፈርዳለን። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የጸናብን ይህ ፈሊጥ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ለማየት ከደብረ ማርቆስ መራቅ አያስፈልግም።

ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የጎጃም ንጉሥ አድርገው ሲያነግሷቸው ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ስሙ የሸዋው ጻድቅ ስም ነው፤ ቀደም ሲልም በጎንደር ሁለት ነገሥታት ተጠርተውበታል። ስለዚህ ልጃቸው ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት የተጠሩት በአባታቸው የዙፋን ስም ነው፤ አዳል የሚለው የቀድሞ ስም ከልጁ ስም ላይ ጠፍቷል።

ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሽረው ታሰሩ፤ ጣሊያን ሲገባም ከወራሪው ጎን ቆሙ። የወንድማቸው ልጅ ኃይሉ በለው ግን በዚያው ጎጃም ከአርበኞች መሪዎች አንዱ ሆኑ፤ ከነጻነት በኋላም የራስነት ማዕረግ አግኝተው ጎጃምን ገዙ። ስማቸው አንድ፣ ቤታቸው አንድ፣ አገራቸው አንድ ሆኖ ሳለ ምርጫቸው ተለያየ። በስም የሚፈርድ ሰው ከሁለቱ የትኛውን ባንዳ፣ የትኛውን አርበኛ ይል ነበር?

ከመሳፍንት ቤት ያልተወለዱት በላይ ዘለቀ ደግሞ ለተከታዮቻቸው ማዕረግ ሲያድሉ ለራሳቸው ግን «እናቴ ያወጣችልኝ በላይ የሚለው ስም ይበቃኛል» ብለዋል እየተባለ ይነገራል። ቢሆንም በላይን በላይ ያደረጋቸው የአምስት ዓመቱ ተጋድሏቸው ነው፤ ያ ስም በ1937 ዓ.ም. ከስቅላት አላዳናቸውም።

«ስም ታሪክ ይናገራል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እውነት ነው፤ የሚናገረው ግን ወላጆች የተመኙትን እንጂ ልጁ የሚመርጠውን አይደለም። በቅጥር ወረቀትም ሆነ በኬላ ላይ ስም አይቶ የሚወስን ሰው፣ ሌሎች ላወጡት ስም ተጠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል። ሰው የሚጠየቀው በሥራው ይሁን፤ በስሙማ እንጥራው።