መልሱ መቼ ይምጣ?

በ2012 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በተካሄደው የአሜሪካ ብሔራዊ የስክራብል ሻምፒዮና አንድ ታዳጊ ተጫዋች ከውድድሩ ተባረረ። ስክራብል ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ከከረጢት እያወጡ ሰሌዳ ላይ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ ነው፤ የልጁ ጥፋት ባዶ ጠጠሮችን መደበቁ ነበር። ባዶ ጠጠር በዚህ ጨዋታ እንደ ወርቅ ይቆጠራል፤ ተጫዋቹ በፈለገው ፊደል ይተካዋል፣ ከ100 ጠጠሮች መካከል ያሉትም ሁለት ብቻ ናቸው። ጠጠር ወለል ላይ ወደቀና ነገሩ ተጋለጠ።

ጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረግ ማጭበርበር መድኃኒት አለው። የውድድር ደንብ ተጫዋቹ ከረጢቱን ወደ ዓይኑ ከፍታ እንዲያነሣ፣ እጁን ከመክተቱ በፊትም መዳፉን ከፍቶ እንዲያሳይ ያዛል። ዳኛ በቅርብ አለ፣ ባላጋራ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ኢንተርኔት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጠጠሩን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ስለሆነ ከከረጢቱ መስረቅ አይቻልም። በአንጻሩ ተጋጣሚው በሌላ ከተማ፣ ምናልባትም በሌላ አህጉር ነው፤ ሰባት ፊደሎቹን ቃል ፈላጊ ፕሮግራም ላይ ጽፎ ሊያወጡ የሚችሉትን ቃላት ሁሉ በአንድ ሰከንድ ቢያስደረድር የሚያየው የለም። እኛ አገር ተማሪ ቤት ውስጥ ኩረጃ የሚባለው ይኸው ነው።

ኩረጃ የሚወገዘው አብዛኛውን ጊዜ ሌላውን ስለሚበድል ነው። ውግዘቱ ትክክል ነው፤ አንድ ሰው ምሽቱን ሰጥቶ በራሱ ጭንቅላት ሲታገል ከማሽን ጋር እየተጫወተ መሆኑን አለማወቁ በደል ነው። ሆኖም የተጋጣሚው ጉዳት ያቺው አንድ ጨዋታ ናት። የሚሰነብተው ጉዳት ኮራጁ ላይ ነው። ንጹሕ ጨዋታ የሥነ ምግባር፣ ችሎታን ማሳደግ ደግሞ የልምምድ ጉዳይ ተደርገው ለየብቻ ሲነገሩ ይሰማል። በቃላት ጨዋታ ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም። ያው ቃል ፈላጊ ፕሮግራም ከጨዋታ በፊትና በኋላ ሲከፈት ጥሩ አስተማሪ ነው፤ በጨዋታው መካከል ሲከፈት ተጫዋቹ ሊማርበት የነበረውን ዕድል ይወስድበታል።

ኮራጆች የሚያቀርቡት ምክንያት አለ፦ «እግረ መንገዴን አዳዲስ ቃላት እየተማርኩ ነው።» ይህን የሚፈትሽ ታዋቂ ጥናት በ2006 ታትሟል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ (ሴንት ሉዊስ) የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስነበቡ። በአንደኛው መንገድ ተማሪዎቹ ጽሑፉን ደግመው አነበቡ፤ በሌላኛው ግን ወረቀቱን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ውጤቱ ተገለበጠ፤ ከራሳቸው ለማውጣት የታገሉት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀሩ። ኮራጁን የሚያታልለው ያ የአምስት ደቂቃው ውጤት ነው። ቃሉ ዓይኑ ፊት ተደርድሮ ሲያየው ያወቀው ይመስለዋል፤ በሳምንቱ ያው ፊደል ሲደርሰው ግን እንደገና ወደ ፕሮግራሙ ይሮጣል።

ነገሩን በአንድ ተጫዋች የጠጠር መደርደሪያ ላይ ማየት ይቻላል። የእንግሊዝኛ ስክራብል ተጫዋቾች በጊዜ ከሚያጠኗቸው የፊደል ስብስቦች አንዱ «ሬቲና» የሚለው ባለ ስድስት ፊደል ቃል ነው። እነዚያ ስድስት ፊደላት ከአንድ ተጨማሪ ፊደል ጋር ሲቀላቀሉ ብዙ ቃል ይወልዳሉ፦ ከጂ ጋር ግራናይት፣ ከኤም ጋር ሚናሬት፣ ከኬ ጋር ኬራቲን፣ ከፒ ጋር ፔይንተር። ሰባቱንም ጠጠር በአንድ ጊዜ ያወረደ ሰው 50 ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል፤ ጨዋታ የሚለወጠውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ፊደላቱን ሲያገላብጥ ቆይቶ ግራናይትን በራሱ ያገኘ ተጫዋች ያገኘው ቃሉን ብቻ አይደለም። የትኞቹ ፊደላት እንደሚስማሙ፣ የትኞቹ መጨረሻ ላይ እንደሚቀመጡ፣ የትኛውን ጠጠር ለሚቀጥለው ተራ ማቆየት እንደሚያዋጣ አብሮ ይገባዋል። ከፕሮግራም የገለበጠው ያንኑ 50 ነጥብ ይወስዳል፤ መንገዱን ግን አያውቀውም።

የሚበልጠው ችግር ሌላ ነው። ተራ ቃል ፈላጊ የሚያሳየው ረጅሙን ወይም ብዙ ነጥብ የሚያስገኘውን ቃል ነው፤ ጥሩ ጨዋታ ግን ሁልጊዜ እሱ አይደለም። በ2015 ፐርዝ፣ አውስትራሊያ ላይ ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። የናይጄሪያ ተጫዋቾች በዚያን ጊዜ የታወቁበት ስልት ብዙዎችን አስገርሟል፤ ረጅም ቃል እያወቁ እንኳ አራትና አምስት ፊደል ያላቸውን ቃላት መርጠው ያወርዱ ነበር። ስልቱ ጥሩ ጠጠሮችን ለኋላ ያቆያል፣ ሰሌዳውንም ለባላጋራ አይከፍትም። ጂጌሬ በመጨረሻው ፍልሚያ ካወረዳቸው ቃላት አንዱ፣ 36 ነጥብ ያስገኘለት «ፌልቲ»፣ ባለ አምስት ፊደል ነው። ቃል ፈላጊ ይዞ የሚጫወት ሰው ይህን ጥበብ ከዓመት ዓመት ቢጫወት አይደርስበትም፤ ምክንያቱም ምን ማስቀረት እንዳለበት ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

ማጥናት ምን ያህል ርቀት እንደሚወስድ ለማየት ደግሞ የኒውዚላንዱን ናይጀል ሪቻርድስን መመልከት ይበቃል። በእንግሊዝኛ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ2015 ቤልጂየም ውስጥ የተካሄደውን የፈረንሳይኛ የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ፤ ፈረንሳይኛ ግን አይናገርም። ከውድድሩ በፊት ወደ ዘጠኝ ሳምንት ለሚሆን ጊዜ የፈረንሳይኛውን የቃላት ዝርዝር በቃሉ ሲይዝ ነበር። በ2024 ደግሞ ግራናዳ ላይ የስፓኝኛውን ጨመረበት። የሪቻርድስ የማስታወስ ኃይል ለሁሉም የተሰጠ አይደለም። ሥርዓቱ ግን ለማንም ክፍት ነው፤ መዝገቡን ከውድድሩ በፊት አገላብጦ ይጨርሳል፣ ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው በራሱ ጭንቅላት ነው።

በልጅነቱ እንቆቅልሽ የተጫወተ ሁሉ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ?» ተብሎ ጥያቄው ከቀረበ በኋላ መላሹ ይሞክራል፤ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ መልሱን የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም መልሱን አስቀድሞ አይነግረውም፣ ማንም መልሱን ሳይሰማ አይሄድም። በመሸነፍና መልሱን በማወቅ መካከል አገር የምታህል ዋጋ ስለተከፈለች ልጁ ያንን እንቆቅልሽ ሁለተኛ አይረሳውም።

የዛሬዎቹ ጠንካራ ተጫዋቾች በኮምፒውተር የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። ክዋክል የተባለው ነጻ ፕሮግራም በ2006 ቶሮንቶ ላይ የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ዴቪድ ቦይስን አሸንፏል። ያ ፕሮግራም ዛሬ በማንም ሰው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ተጫዋቹ ያለቀውን ጨዋታ ያስገባና ፕሮግራሙ በየተራው የተሻለውን አማራጭ ያሳየዋል፤ ነጥቡን ብቻ ሳይሆን በመደርደሪያው የሚቀሩት ጠጠሮች ወደፊት የሚያወጡትን ዋጋም አስልቶ። ተጫዋቹ ያለፈውን ቃል ሲያይ የሚሰማው ቁጭት ራሱ ትምህርት ነው። አንድ ጨዋታ እንዲህ መመርመር ሳይመረምሩ ብዙ ጨዋታ ከመጫወት ይሻላል።

እዚህ ላይ ወቀሳው ከተጫዋቹ አልፎ ጨዋታውን ወደሚሸጡት መሻገር አለበት። በ2009 ወጥቶ በኋላ ዚንጋ የገዛው ወርድስ ዊዝ ፍሬንድስ የተባለው የቃላት ጨዋታ ሰሌዳው ላይ የት የት ቃል ሊወርድ እንደሚችል የሚጠቁም እርዳታ በጨዋታው መካከል ያቀርባል። ተራው ካለፈ በኋላ «ልታወርደው ትችል የነበረው ቃል ይህ ነበር» የሚልም አለው። ሁለተኛው አስተማሪ ነው። የመጀመሪያው ግን ንጹሕ ጨዋታ ምን እንደሆነ ያደበዝዛል፤ ኩባንያው ራሱ የሚያቀርበው ፍንጭ ተፈቅዶ ሌላው ለምን ይከለከላል ብሎ የሚጠይቅ ተጫዋች አላዋቂ አይደለም። በ2020 የወጣው ስክራብል ጎ በማጠናከሪያና በሽልማት ሣጥን ተሞልቶ ሲመጣ የቆዩ ተጫዋቾች አጥብቀው ተቃወሙ፤ አምራቹም እነዚህ የሌሉበት ክላሲክ የሚባል አማራጭ ለመጨመር ተገደደ። ተጫዋቾቹ የጠየቁት ብዙ አልነበረም፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ሰሌዳ፣ እኩል ሁኔታ።

ሌላም የተሸፈነ ጉዳይ አለ። በጠረጴዛ ስክራብል የሌለ ቃል ማውረድ ክልክል አይደለም፤ ባላጋራ ከተቃወመና ቃሉ መዝገብ ውስጥ ከሌለ ተራው ይቃጠላል። ድፍረት ዋጋ አለው፣ አለማወቅም እንዲሁ። በብዙ አፖች ግን ፊደላቱን በዘፈቀደ እየደረደሩ እስኪቀበል መሞከር ቅጣት የለውም። ይህ ኩረጃ አይባልም፤ ደንቡ ፈቅዶታል። ይሁንና እንዲህ የለመደ ተጫዋች ቃላትን በእርግጠኝነት የማወቅ ልማድ አያዳብርም፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብም ይታወቅበታል።

ባላጋራ በሌለበት ጨዋታስ? ጆሽ ዋርድል ለፍቅረኛው ብሎ የሠራው፣ በየቀኑ አንድ የተሰወረ ቃል የሚገመትበት ወርድል በኖቬምበር 2021 መጀመሪያ 90 ተጫዋቾች ነበሩት፤ በሁለት ወር 300 ሺህ ደረሱ፣ በጃንዋሪ 2022 መጨረሻም ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገዛው። የመልሶቹ ዝርዝር በገጹ ኮድ ውስጥ ስለነበር ማየት የፈለገ የነገውንም ያይ ነበር። ሽልማት የለ፣ የሚሸነፍ ሰው የለ፤ ሆኖም አንድ የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ጡረተኛ ፕሮፌሰር ውጤቶቹን ሲመረምሩ በመጀመሪያ ሙከራ «ያገኙት» ሰዎች ዕድል ከሚፈቅደው ብዙ እጥፍ ሆነው አገኟቸው። ሰው ለራሱ ለመታየት እንኳ ይኮርጃል። ወርድል በሌላ በኩል ለንጹሕ ጨዋታ ጥሩ ንድፍ አስተምሯል፤ ተጫዋቾች ለወዳጆቻቸው የሚልኩት ባለ ቀለም ካሬዎችን እንጂ ፊደላትን ስላልሆነ የማንም መልስ አይበላሽም። የጋዜጣው ተንታኝ ፕሮግራምም አጨዋወቱን የሚመዝነው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው።

ኮራጅን ለይቶ ማወቅ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በጥንቃቄ መመለስ አለበት። ሁለት ፊደል ያላቸውን የተለመዱ ቃላት የሚስት ተጫዋች ብርቅ የሆኑ ባለ ስምንት ፊደሎችን በየጨዋታው ካወረደ፣ ለቀላሉም ለከባዱም ተራ እኩል ጊዜ ከወሰደ ጥርጣሬ ተገቢ ነው። አንድ ጨዋታ ግን ምንም አያረጋግጥም። ዕድል የቀናው ጀማሪም አለ፣ ለዓመታት በጸጥታ ያጠናም አለ። የተሸነፈ ሁሉ ያሸነፈውን «ኮረጅክ» ማለት ከጀመረ ጎበዝ መሆን ራሱ ወንጀል ይሆናል። ጥርጣሬ ያለው ሰው ጨዋታውን መዝግቦ ለሚመለከተው ያመልክት፤ ሰውን አደባባይ አውጥቶ መሳደብ ደግሞ ሌላ በደል ነው።

ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ የቆየ ልምድ ሲሆን በአማርኛ ለሚሠሩ የቃላት ጨዋታዎች ከሥሩ መታሰብ ያለበት ነገር ይጨምራል። ንጹሕ ጨዋታ የሚጀምረው ሁሉም የተስማሙበት የቃላት ዝርዝር ሲኖር ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ፦ አራቱንም የሚጽፍ ሰው አለ። ጨዋታው አንዱን ብቻ ተቀብሎ ሦስቱን ስሕተት ቢል ተጫዋቹ ቃሉን እያወቀ ይሸነፋል። ግሱ ደግሞ ይባስ ይሰፋል፤ አድራጊው፣ ተደራጊውና አሉታው በአንድ ቃል ታጭቀው «አልነገረችኝም» ሲሉ ይህ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? የትኛውም ውሳኔ ሊያስኬድ ይችላል፤ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ የሚሰማ ውሳኔ ግን ፍትሐዊ አይሆንም።

ስለዚህ በአማርኛ የቃላት ጨዋታ ለመሥራት የተነሡ ወጣት ባለሙያዎች ሆይ፣ የተፈቀዱትን ቃላት ዝርዝር ማንም እንዲያጠናው አስቀድማችሁ ክፈቱት፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እኩል ተቀበሉ፤ የእርዳታውን ቁልፍ በጨዋታው መካከል አትሽጡት። የተሻለው ቃል የቱ እንደነበር ጨዋታው ሲያልቅ ለተሸናፊውም ለአሸናፊውም በነጻ አሳዩ።