ጭሱ ጠፋ ማለት በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም

ዛሬ ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ እንተውና ብዙዎቻችን የዕለት እንጀራችንን ስለምናገኝበት ስለ ናፍጣ መኪና እንጫወት።

አገር ቤት ናፍጣ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ኤንትሬ ፊያት ጣርማ በርን ሲወጣ ሾፌሩ በስፖኪዮ ጭሱን እያየ የሞተሩን ጤንነት ይመረምር ነበር። ጥቁር ከሆነ ኖዝሉ ተበላሽቷል ወይም አየር አጥሮታል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ነጩ አልቆም ካለ ውሃ ገብቶበታል ወይም ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው። ጭሱ የሞተሩ አንደበት ነበር።

ዛሬ በክሊቭላንድ አቬኑ ዕቃ የምናመላልስባቸው ቫኖችና ትራኮች ግን አይጨሱም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ሞዴል ጀምሮ በጸናው ደንብ ምክንያት ጭሱን የሚውጥ ፊልትሮ በማርሚታው መስመር ላይ ይገጠማል። ፊልትሮው ከሸክላ መሰል ነገር የተሠራ፣ የማር እንጀራ የሚመስል ነው። ቀዳዳዎቹ ግማሾቹ በመግቢያው፣ ግማሾቹ በመውጫው በኩል የተደፈኑ ስለሆኑ ጭሱ ግድግዳውን ሰርጎ ያልፋል፤ ጥላሸቱ ግን እዚያው ይቀራል። ጥላሸቱ ሲጠራቀም ኮምፒዩተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ያስረጫል፤ ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስና ጥላሸቱ ይቃጠላል። መካኒኮች ሪጄኔሬሽን ይሉታል፤ እኔ ምድጃ መጥረግ እለዋለሁ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ምድጃው እንዲጠረግ ጊዜና ሙቀት ያስፈልጋል፤ በቫን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። እኛ ደግሞ ከሞርስ ሮድ እስከ 161 ባለው መንገድ በየመብራቱ እየቆምን፣ በየደጃፉ ሞተር እያጠፋን እንውላለን። ጠረጋው ይጀመራል፣ ይቋረጣል፤ ጥላሸቱ ይከመራል። በብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣ ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። ስለዚህ ክሩስኮቶው ላይ የፊልትሮው መብራት ሳይርገበገብ ከበራ፣ ክሊቭላንድ አቬኑን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ውጡና 270 ላይ ግቡ። የቀለበቱን ግማሽ እንኳ ሳትቆሙ ብትነዱ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። መብራቱ ከተርገበገበ ወይም ጉልበት ከቀነሰ ግን መንዳት መፍትሔ አይሆንም፤ ጋራዥ መግባት ነው። የቆመ ትራክን በቁልፍ የምታስጠርጉም ደረቅ ሣር ላይ አታቁሙ፤ እሳት ይነሳል።

ጥላሸት ይቃጠላል፤ አመድ ግን አይቃጠልም። አመዱ በአብዛኛው የሚመጣው ከሞተር ዘይት ነው። ለዚህ ነው ለእነዚህ ሞተሮች አነስተኛ አመድ ያለው ዘይት የሚታዘዘው፤ ለትራኮች ሲኬ-4 የሚል ጽሑፍ ጣሳው ላይ ፈልጉ፤ ለቫን መጽሐፉ የሚያዘውን ብቻ። አመዱ ሲሞላ ፊልትሮው ወጥቶ በአየርና በምድጃ ይጸዳል። ሁልጊዜ አዲስ መግዛት ግድ አይደለም።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ፊልትሮው ተደጋግሞ ቢደፈንበት፣ «ቆርጬ ላውጣልህና ተገላገል» የሚል ሰው አግኝቶ ምን ትላለህ አለኝ። ኮሎምበስ እንደ ክሊቭላንድ ከተማ የኢ-ቼክ ምርመራ የለባትም፤ ማን ያየኛል ነው ነገሩ። የአዲሱ ዋጋ በሺህ ዶላር የሚቆጠር ስለሆነ ሐሳቡ ቢያጓጓው አልፈርድበትም። ነገር ግን የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ፊልትሮውን ማውጣትንም፣ ኮምፒዩተሩን የሚያታልል መሣሪያ መሸጥንና መግጠምንም ይከለክላል፤ ሕጉ ደግሞ ኮሎምበስንም ይጨምራል። ከሕጉም በላይ የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 በይፋ አውጇል። ጠዋት ሞተር የምናሞቀው ደግሞ ልጆቻችን በተኙበት መስኮት ሥር ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። ቶሎ ቶሎ የሚደፈን ፊልትሮ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አልታመመም፤ ከፊቱ ያለው ታሟል። የሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ፣ አየር የሚያፈስ ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም የተሰነጠቀችው የግፊት መለኪያዋ ትንሽ ቱቦ ብቻ ናት። ድሮ በጥቁር ጭስ ይናገር የነበረው ሕመም ዛሬ በዚያች መብራት ነው የሚናገረው። ፊልትሮውን ቆርጦ መጣል መብራቷን ያጠፋ ይሆናል፤ ሞተሩ ግን ውስጥ ውስጡን መበላሸቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መካኒኩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የሞላው ጥላሸት ነው ወይስ አመድ? ግፊቱ ስንት አነበበ? ምክንያቱስ ተገኝቷል? ሦስተኛውን ካልመለሰላችሁ ሌላ መካኒክ ፈልጉ።

ያገለገለ ቫን የምትገዙም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የማርሚታውን አፍ ውስጡን በሶፍት ጥረጉት። ፊልትሮው ደህና ከሆነ ሶፍቱ ብዙም አይቆሽሽም። ከሰል መስሎ ከወጣ ወይ ተሰንጥቋል ወይ የለም፤ ያ ሻጭ ደግሞ ሕመሙን ለእናንተ እያወረሰ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ መንገዱን ያቅናልን፤ ቸር ይግጠመን።